ከደብተሩ ኅዳግ ወደ ትምህርቱ መሐል

ጥያቄ፦

«የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ይሥላል፤ ታንኳ፣ ባጃጅ፣ ወፍ፣ የማይሥለው ነገር የለም። አሁን ግን ሥዕሉ ደብተሩን ሞላው። ባለፈው ሳምንት መምህሩ አስጠርተውኝ ‹ትምህርት ሲሰጥ አቀርቅሮ ይሥላል፤ የአካባቢ ሳይንስ ደብተሩ ላይ ከጽሑፉ ሥዕሉ ይበዛል› አሉኝ። በሒሳብም መደመርና መቀነስ አይቸግረውም፤ ጥያቄው በጽሑፍ ሲመጣ ግን ግራ ይጋባል። ባለቤቴ ተናዶ ከለሩን ቆልፎበታል፤ ‹ሥዕል እንጀራ አይሆንም፣ ነገ ስድስተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል› ይላል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ‹ልጅሽ በማየት ብቻ የሚማር ዓይነት ነውና በቪዲዮ አስተምሪው› ትለኛለች። ልጄ ከለሩ ከተወሰደበት ጀምሮ ዝምታ አብዝቷል፤ ደብተሩም አልተሻሻለም። ልከልክለው ወይስ እንደፈለገው ይሁን?» እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

በቅድሚያ ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ልስጥዎ። ልጅዎን ሥዕል አይከልክሉት፤ እንደፈለገውም አይልቀቁት። ከሁለቱ የሚሻለው ሥዕሉን ወደ ትምህርቱ ማስገባት ነው፤ ይኸውም ልጁ የተማረውን እንዲሥል፣ የሣለውን በቃሉ እንዲያስረዳ፣ ካስረዳም በኋላ በራሱ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፈው ማድረግ ማለት ነው። ይህ በአንድ ቀን የሚሳካ አይደለም፤ ነገር ግን ውድ ዕቃም ሆነ የተለየ ሙያ የማይጠይቅ፣ እርስዎ ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ያህል እየሰጡ ሊያስጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

የመምህሩን ቅሬታ ግን አቃለን እንዳናየው አደራ እላለሁ። መምህር ሲያስረዳ አቀርቅሮ ባጃጅ የሚሥል ልጅ ትምህርቱ ያመልጠዋል፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንድን ልጅ ለይቶ አስተውሎ እናቱን ማስጠራትም የሚመሰገን ተግባር ነው። መለየት ያለብን ከትምህርቱ የሚሸሸውን ሥዕልና ትምህርቱን የሚከተለውን ሥዕል ነው። እጁም እርሳሱም አንድ በመሆናቸው ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አይለያዩም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተሩን ይዘው ከልጁ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጡና ገጽ በገጽ ይመልከቱት። ስለ ተክል ክፍሎች በተማሩበት ቀን የተሣለው ምንድን ነው? ቅጠል ከሆነ ልጁ በራሱ መንገድ ማስታወሻ ይይዝ ነበር ማለት ነው፤ ታንኳ ከሆነ ደግሞ ሐሳቡ ሐይቁ ላይ ነበር። ሁለቱንም ሊያገኙ ይችላሉ። «ይኼ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቁጣ ባለፈበት ቤት ውስጥ እንደ ክስ ስለሚሰማ፣ «እዚህ ጋ ምን እየሆነ ነው? እስቲ ንገረኝ» ብለው ቢጠይቁት የበለጠ ይነግርዎታል።

ሌላም ቀድሞ መጣራት ያለበት ነገር አለ። ልጅዎ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው የት ነው? ከመቀመጫው ሆኖ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በደንብ ያነብባል? ዓይናቸው የሩቁን አጥርቶ የማያይላቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ችግራቸውን አይናገሩም፤ ሰው ሁሉ እንደ እነሱ የሚያይ ይመስላቸዋልና። ሰሌዳው የደበዘዘበት ልጅ አጥርቶ ወደሚያየው ነገር፣ ማለትም ወደ ደብተሩ ቢያቀረቅር አያስደንቅም። እቤት ግድግዳ ላይ ፊደላት ጽፈው ይለጥፉና፣ እርስዎ ከሚያነብቡበት ርቀት ላይ ቆሞ ማንበብ ይችል እንደሆነ ይሞክሩት፤ ጥርጣሬ ካደረብዎት ዓይኑን በሐኪም ያስመርምሩት። የሥዕል ችግር የተባለው ነገር በመነጽር የሚፈታ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ካልሆነም አንድ ጥርጣሬ ይወገድልዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መሣል ለትምህርት የሚጠቅመው ለምንድን ነው? አለን ፓይቪዮ የተባሉ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አእምሯችን የሚቀበለውን ነገር በሁለት መልክ፣ በቃልና በምስል፣ እንደሚይዝና በሁለቱም መልክ የተያዘ ነገር በአንዱ ብቻ ከተያዘው ይልቅ ለማስታወስ እንደሚቀል አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በዚያው በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ቃላት እየሰጡ አንዳንዶቹን ቃላት ደጋግመው እንዲጽፉ፣ ሌሎቹን እንዲሥሉ ካደረጉ በኋላ ምን ያህሉን እንደሚያስታውሱ ፈተኗቸው። የተሣሉት ቃላት ከተጻፉት በእጅጉ በልጠው ታወሱ። ለመሣል የተሰጠው ጊዜ ወደ 4 ሴኮንድ ሲያጥር እንኳ ብልጫው አልጠፋም፤ ሥዕሉ ማማሩ ወይም አለማማሩም ቁም ነገር ሆኖ አልተገኘም። ተፈታኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የተፈተኑትም በነጠላ ቃላት ስለሆነ፣ ይህን ውጤት እንዳለ አንሥቼ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ አልሰጥም። ምክንያቱን ግን ማንኛውም ወላጅ በገዛ ዓይኑ ሊያየው ይችላል።

ስለ ዝናብ የተጻፈ አንቀጽ ከሰሌዳ የሚገለብጥ ልጅ እጁ እየጻፈ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር እንዲሥል የተጠየቀ ልጅ ግን፣ ውሃው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ ደመናው ከሐይቁ በላይ ይሁን ከተራራው በላይ ሳይወስን አንዲት መስመር ማስመር አይችልም። ያልገባው ነገር ወረቀቱ ላይ ክፍተት ሆኖ ይወጣል፤ ደመናው ተሥሎ ውሃው እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ካልታየ፣ ትነት የሚባለው ነገር እንዳልገባው እርስዎም ልጁም በአንድ ጊዜ ታውቃላችሁ። ከሰሌዳ በተገለበጠ አንቀጽ ውስጥ ይህን ክፍተት ማንም አያየውም፤ ቃሉ ሁሉ በቦታው አለና።

ጎረቤትዎ የነገሩዎት ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም አይቀበሉት። ልጆችን በማየት የሚማር፣ በመስማት የሚማር፣ በመንካት የሚማር እያሉ መክፈል በመምህራን ዘንድ ሳይቀር በሰፊው ተለምዷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 አራት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን መርምረው፣ ልጅን በ«ዓይነቱ» ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ የሚያሳምን ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። ሥዕል መውደድና ከሥዕል በቀር በሌላ መንገድ መማር አለመቻል ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን ለልጁ ከነገሩት፣ ንባብ በከበደው ቁጥር «የእኔ ዓይነት አይደለም» ብሎ የሚሸሽበት ምክንያት ይሰጡታል፤ ይህን ስለምፈራ ነው አጥብቄ የምናገረው። መሣል የሚጠቅመው ለሁሉም ልጅ ነው፤ ለማይወደውም ጭምር። ቪዲዮም ቢሆን የመሣልን ቦታ አይተካም፤ ቪዲዮ የሚያሳየው ሌላ ሰው አስቦ የጨረሰውን ነውና፣ ልጁ ተቀምጦ ከማየት በቀር የሚወስነው ነገር የለውም።

በሒሳብ የገጠመው ችግር ከሁሉ በላይ በሥዕል የሚረዳ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ቁጥሩ ብቻውን ሲመጣ የሚደምርና የሚቀንስ፣ በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን የሚደናገር ልጅ የጎደለው የማስላት ችሎታ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረውን ሁኔታ በዓይነ ሕሊናው አላየውም። ይህን ጥያቄ ይስጡት፦ «እህትና ወንድም በአንድነት 84 ብር አላቸው። እህት ከወንድሟ በ12 ብር ትበልጣለች። እያንዳንዳቸው ስንት ብር አላቸው?» ብዙ ልጆች 84ን ለሁለት ይከፍሉና 42 ያገኛሉ፤ ከዚያ «ትበልጣለች» የሚለውን ቃል አይተው 12 ይደምሩና ለእህት 54፣ ለወንድም 42 ይሰጣሉ። የሁለቱ ድምር 96 እንደሚሆን፣ ማለትም 12 ብር ከየትም ሳይመጣ እንደ ተጨመረ ልብ አይሉም።

ስሌቱን ለጊዜው ይተዉትና እርሳስ ያስይዙት። ባለ ካሬ ደብተር ካለ ይመረጣል። ለወንድም አንድ ረዘም ያለ ሳጥን ይሣል። ከሥሩ ለእህት ሌላ ሳጥን ይሣል፤ በግራ በኩል ከወንድም ሳጥን ጋር እኩል ጀምሮ በቀኝ በኩል ትንሽ አልፎ የሚሄድ። ያለፈው ቁራጭ 12 ስለሆነ ቁጥሩ ውስጡ ይጻፍ። ከዚያ ሁለቱን ሳጥኖች በአንድ ቅንፍ ያስይዝና ከጎኑ 84 ብሎ ይጻፍ። ከዚህ በኋላ መፍትሔውን አይንገሩት፤ «ይቺን ቁራጭ በጣትህ ብትሸፍናትስ?» ብለው ብቻ ይጠብቁት። ሲሸፍናት ሁለት እኩል ሳጥኖች ይቀራሉ፤ ከ84 ላይ 12 ሲነሣ 72 ነው፤ የ72 ግማሽ 36፣ ይህ የወንድም ነው፤ 36 እና 12 ደግሞ 48፣ ይህ የእህት ነው። ልጁ ይህን ሕግ ሸምድዶ አላገኘውም፤ አይቶ ነው ያገኘው፤ በሚቀጥለው ቀን ቁጥሩንና ታሪኩን ለውጠው፣ ብሩን እንቁላል፣ እህቱን ጎረቤት አድርገው ቢሰጡት ራሱ ሳጥኑን ይሥላል።

ሥዕል የሚወድ ልጅ ስለሆነ ለእህት ሹሩባ፣ ለወንድም ጫማ ልሣል ማለቱ አይቀርም። ከሳጥኑ በኋላ ይሣል ይበሉት። ስለ ብሩ የሚናገረው ሳጥኑ ነው፤ ሹሩባው ስለ ብሩ ምንም አይናገርም፤ ልጁ ይህን ልዩነት ሲያውቅ፣ ለማስጌጥ መሣልንና ለማሰብ መሣልን መለየት ጀመረ ማለት ነው። ይህ የሳጥን ዘዴ በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ የሚሠራበት ሲሆን፣ አገሪቱ በሒሳብ ትምህርቷ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ሐሳብ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፉት ነው፤ ልጅ አንድን ነገር መጀመሪያ በእጁ እየነካ፣ ቀጥሎ በምስል፣ በመጨረሻም በምልክት ይረዳዋል። እኛ ዘንድ ልጆች ከጣትና ከጠጠር ቆጠራ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ እንዲሻገሩ ይደረጋል፤ መካከለኛው ደረጃ፣ የምስሉ ደረጃ፣ በአብዛኛው ይዘለላል። በበኩሌ ብዙ ልጆች «ሒሳብ አይገባኝም» ማለት የሚጀምሩት እዚህ ዝላይ ላይ ይመስለኛል።

የአካባቢ ሳይንሱን በተመለከተ ደግሞ ከኩሽናዎ የማይጠፋ ነገር ልጠቁምዎ። ጥቂት የባቄላና ጥቂት የቦሎቄ ፍሬዎች ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይንከሩ። በማግስቱ በሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ እርጥብ ጥጥ ይጨምሩና፣ ፍሬዎቹ ከውጭ እንዲታዩ በጥጡና በብርጭቆው መካከል ያስገቧቸው፤ በአንደኛው ብርጭቆ ባቄላ፣ በሌላኛው ቦሎቄ። ጥጡ እንዳይደርቅ በየዕለቱ ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ልጁ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ምንም ሳይበቅል፣ ከፍሬው ቀድሞ ምን እንደሚወጣ ገምቶ ይሣል። ብዙ ልጅ የሚሥለው ቅጠል ነው። ቀድሞ የሚወጣው ግን ሥር ነው፤ ፍሬውን በየትኛውም ጎኑ ቢያስቀምጡት ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ይሄዳል። ልጁ ግምቱንና ያየውን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያስተያይ፣ ሳይንስ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሳይሰብክለት ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ያየውን ብቻ፣ ሁለቱንም ብርጭቆዎች ይሣል። ቀናት ሲያልፉ አንድ ነገር ይገጥመዋል። ቦሎቄው አንገቱን ቀልብሶ ብቅ ይልና ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ወደ ላይ ያነሣቸዋል፤ ባቄላው ግን ክኮቹን ከታች ትቶ ቡቃያውን ብቻ ወደ ላይ ይልካል። አይንገሩት፤ ራሱ ያግኘው። ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ «ሁለቱም በቀሉ» ብሎ ያልፋል፤ የሚሥል ልጅ ግን ክኩን የት ላስቀምጠው ብሎ ሲያስብ ልዩነቱ ላይ ይወድቃል። ሲያገኘው «ለምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ የሚመልሰው ምንም ይሁን ምን አይቸኩሉበት።

በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ሦስት ነገር እንዲጽፍ ያስለምዱት፤ ቀኑን፣ የየክፍሉን ስም ከነቀስቱ፣ ከሥሩ ደግሞ ትላንት ያልነበረውን የሚናገር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። መምህሩ «ከጽሑፉ ሥዕሉ ይበዛል» ላሉት መፍትሔው ይህ ነው። ልጁ የሚጽፈው ስላዘዙት ብቻ አይሆንም፤ ሥዕሉ ላይ የሚናገረው ነገር ስለተገኘ ነው። ጽሑፉ ካልመጣ ግን ሥዕሉ ብቻውን እንዲያልፍ አይፍቀዱ። ሥዕል ወደ ጽሑፍ የሚያደርስ እንጂ ጽሑፍን የሚያስቀር እንዲሆን አልመክርም፤ ነገ የሚፈተነው በጽሑፍ ነውና፣ ከፈተናውም በላይ በጽሑፍ ብቻ የሚገለጽ ብዙ ሐሳብ አለ።

በንባብም እንዲሁ ነው። አንድ ተረት ካነበበ ወይም ከነገሩት በኋላ ገጹን አራት ቦታ ይከፋፍልና ታሪኩን በአራት ሥዕል ይጨርሰው። አራት ብቻ መሆኑ የትኛው ክፍል ዋና እንደሆነ እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ ማሳጠር የሚባለውን ሙያ የሚማረው በዚህ ነው። በሥዕል ማስተማር ለእኛ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ሸራውን በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ከፍለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርኩትን ባህላዊ ሥዕሎች ያውቋቸዋል። እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ደግሞ ዕድሉ በእጅዎ ነው። ሁኔታው ሲመች በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያሳዩት፤ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆኑ ለልጁ ትልቅ ትምህርት ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደጋጎቹ ከነሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲሣሉ ክፉዎቹ በጎን በኩል በአንድ ዓይን ይሣላሉ። አስቀድመው አይንገሩት፤ «እስቲ የሁሉንም ዓይን ቁጠር» ብቻ ይበሉት። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ታሪኩን ከግድግዳ እንዴት ሊያነብብ እንደቻለ ራሱ ይደርስበታል፤ በሚቀጥለው ተረት ላይም ጅቡን እንዴት እንደሚሥለው ይመልከቱ።

አብረውት ሲቀመጡ አንድ ፈተና ይገጥምዎታል፤ ሥዕሉን የማረም ፍላጎት። እባክዎ ይታገሡ። ፈረንሳዊው ዦርዥ አንሪ ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ልጆች ሥዕል ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ትንንሽ ልጆች የሚሥሉት የሚያዩትን ሳይሆን የሚያውቁትን እንደሆነ አስገንዝበዋል። ባጃጅን ከጎን የሚሥል ልጅ የሚታየው ሁለት ጎማ ብቻ ቢሆንም ሦስቱንም ያስቀምጣል፤ ሦስት እንደሆኑ ያውቃላ። የቤቱን ግድግዳ ሥሎ በውስጡ የተቀመጡትን ሰዎች ያሳያል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ስለ ባጃጁና ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ነው የጻፈው። የልጅዎ ዕድሜ ደግሞ ስስ ጊዜ ነው። የልጆችን ሥዕል በማጥናት የታወቁት ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ ከዘጠኝ ዓመት ገደማ ጀምሮ ልጅ ሥዕሉን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማወዳደርና በገዛ ሥራው አለመርካት ይጀምራል። ብዙ ልጆች «እኔ ሥዕል አልችልም» ብለው እርሳሱን የሚጥሉት በዚህ ዕድሜ ነው፤ የአዋቂ ትችት ሲጨመርበት ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚህ እርሳሱን ከእጁ ወስደው አይሣሉለት። «ቆንጆ ነው» የሚለው ምስጋናም ቢሆን ብዙ አይረዳውም፤ «ሥሩ ትላንት እዚህ ነበር፣ ዛሬ እዚህ ደርሷል ማለት ነው?» ብሎ ሥዕሉን በትክክል ያነበበለት ሰው የበለጠ ያበረታዋል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። መምህሩን ሄደው ሲያነጋግሩ ልጁን ለመከላከል ሳይሆን አንድ ስምምነት ይዘው ይሂዱ። ለልጁ ርካሽ የሆነ ባዶ ደብተር ይግዙለትና የፈለገውን የሚሥልበት ይሁን፤ ይህ ደብተር ከቦርሳው የሚወጣው በዕረፍት ሰዓትና እቤት ብቻ ነው። በትምህርት ደብተሩ ላይ የሚሣለው የዕለቱ ትምህርት ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ የቀኝ ገጹ ለጽሑፍ፣ የግራ ገጹ ለሥዕል። መምህሩን የሚጠይቁት ጥቂት ነገር ነው፤ ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጡትና ደብተሩን ሲያርሙ ያን የግራ ገጽ በጨረፍታ እንዲያዩለት። ብዙ ተማሪ ላለበት መምህር ከዚህ በላይ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባለው ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ መኖሩ መልካም ነው፤ እኔ የምመኘው ግን ሥዕል በዚያ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይወሰን በሒሳቡና በሳይንሱ ሰዓትም ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ነው።

ባለቤትዎ ስለ ልጃቸው ነገ መጨነቃቸው የአባት ወግ ነውና አይፍረዱባቸው። ይሁን እንጂ በዘጠኝ ዓመቱ እየመረጥንለት ያለነው ሙያ አይደለም። የልብስ ሰፊው ልኬት፣ የአናጺው ንድፍ፣ የመሐንዲሱ ፕላን፣ ሐኪሙ ለሕመምተኛው ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ የሚያሳየው የሆድ ዕቃ ሥዕል፣ ሁሉም በመስመር ማሰብን የሚጠይቁ ናቸው። ሠዓሊ መሆንም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ስንት ባለሙያ እንዳፈራ ባለቤትዎ አያጡትም። ክርክሩን ግን በቃል አይጨርሱት፤ የሳጥኑን ሒሳብ ልጁ ራሱ ለአባቱ እንዲያስረዳ ያድርጉ። ከለሩም ይመለስለት፤ «ጎበዝ ከሆንክ» በሚል ውል ሳይሆን እንዲሁ። ከለር የሽልማትና የቅጣት መሣሪያ ከሆነ፣ መሣልና መማር በልጁ ልብ ውስጥ እንደገና ተቃራኒ ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በትዕግሥት ይሞክሩት። እስከዚያ ድረስ በጽሑፍ የሚመጣው የሒሳብ ጥያቄ አሁንም እንደ በፊቱ የሚያደናግረው ከሆነ አንድ ነገር ያድርጉ። ጥያቄውን ለእሱ ከመስጠት ይልቅ እርስዎ ቀስ ብለው ያንብቡለትና ሳጥኑን እንዲሥል ይጠይቁት። ሰምቶ በትክክል ከሣለው፣ ራሱ ሲያነብበው ግን መሣል ካቃተው፣ ችግሩ ከሒሳብም ከሥዕልም ሳይሆን ከንባቡ ነው፤ ፊደሉን እያነበበ ትርጉሙን እየጣለ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ማታ የሚቀመጡበትን ሩብ ሰዓት ወደ ንባብ ያዙሩት፤ አጭር አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይዝጋ፣ ያነበበውን ይሣል፣ ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ የረሳውን ይጨምርበት። ሰምቶም መሣል ካቃተው ግን ይህን ለመምህሩ ይንገሩና የትኛው ቃል ወይም የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሚቆም አብራችሁ ፈልጉ፤ የሣለውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፣ የቆመበት ቦታ እዚያ ላይ ይታያል።